የጣናን መረጃ በምን ፋይል እናስቀምጥ? ሲኤስቪ፣ ማት እና ኔትሲዲኤፍ ጎን ለጎን

ባሕር ዳር ላይ የሐይቅ ወይም የዝናብ መረጃ ይዞ የመመረቂያ ጥናት የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ማትላብ ልግዛ ወይስ በፓይተን ልሥራ?» ብሎ ነው። እኔ የፋይሉ ዓይነት ይቅደም ባይ ነኝ። እንደ ማትላብና ፓይተን ያለ የስሌት ፕሮግራም ይቀየራል፤ ፋይሉ ግን ነገ ጥናቱን ለሚረከበው ሰው ይተርፋል።

የአንድ ጣቢያ ልኬት ከሆነ ሲኤስቪ (ቁጥሮቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይበቃል። የጣና ከፍታ በቀን አንዴ ለ40 ዓመት ቢመዘገብ 14,600 ያህል ረድፍ ነው፤ በኤክሴልም በፓይተንም ይከፈታል፣ በዓይንም ይነበባል። ጉድለቱ ቁጥሩን እንጂ ትርጉሙን አለመያዙ ነው። ሜትር ይሁን ሚሊሜትር፣ ባዶው ሕዋስ ዜሮ ይሁን ያልተለካ ቀን፣ ፋይሉ አይናገርም።

ለእኛ ደግሞ የቀን ጣጣ ይጨመርበታል። መዝጋቢው ጳጉሜ 5ን 5/13/2011 ብሎ ይጽፋል። በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ኤክሴል ይህን የፈረንጅ ሜይ 13 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2019 ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት የተነበበ ዝናብ 3:00 ተብሎ ከገባ ለፕሮግራሙ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ 2019-09-10 ብለው ይጻፉ፤ የእኛውን ቀን በወር ስሙ በሌላ አምድ ያኑሩት።

ማት የማትላብ የራሱ ፋይል ነውና ማትላብ ላለው ሰው ምቹ ነው፤ ማትሪክሱ (የቁጥር ሰንጠረዡ) ከነስሙ ይመለሳል። ነገር ግን የማት ፋይል ስሪት 7 ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ ተለዋዋጭ (በአንድ ስም የተቀመጠ መረጃ) አይችልም። 7.3 ይችላል፤ ውስጡ ኤችዲኤፍ5 (ለትልልቅ የቁጥር መረጃ የተሠራ ሌላ የፋይል ዓይነት) ስለሆነ ሳይፓይ የተባለው የፓይተን ተጨማሪ ጥቅል አያነበውም፣ ኤች5ፓይ የተባለውን ሌላ ጥቅል ይፈልጋል። ለፋይሉ ሲሉ ብቻ ፍቃድ አይግዙ፤ ስሪት 7ን ማትላብን የሚመስለው ነጻ ፕሮግራም ኦክታቭም ያነበዋል።

የሳተላይት ዝናብ ከሆነ ግን ያለማመንታት ኔትሲዲኤፍ (በቦታና በጊዜ የተደረደረ መረጃን ከነመግለጫው የሚይዝ ፋይል)። ከፈረንጅ 1981 ጀምሮ ያለው ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት ዝናብ መረጃ ራሱ በዚሁ ይወርዳል። የጣና ተፋሰስ በ0.05 ዲግሪ ቢከፈል 500 ያህል ሕዋስ ነው፤ በ40 ዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ረድፍ ቢሰጥ ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ላይ ይቆማል። በኔትሲዲኤፍ ግን ሳይጨመቅ 30 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ኬክሮሱ፣ ኬንትሮሱ፣ መለኪያው፣ የጎደለው ቀን ምልክት ሁሉ አብሮ ይቀመጣል፤ ወደ ጣና የሚፈሰውን የጉማራ ወንዝ አካባቢ ብቻ ለማየትም ሙሉውን መጫን አያስፈልግም። ለኔትሲዲኤፍ በወጣው የቀን አቆጣጠር ደንብ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን ስለሌለ ግን ቀኑን አስቀድመው ይቀይሩ።

ፓይተን መረጃውን እንዳለ የሚያስቀምጥበት ፒክል የተባለው ፋይልስ? ለራስዎ የአንድ ቀን ሥራ እንጂ ለሰው አይስጡ፣ ከማያምኑት ሰውም አይክፈቱ፤ ሲከፈት ኮድ ሊያስኬድ ይችላል።

አንድ ሌሊት ትልቅ የኤችዲኤፍ5 ፋይል እየጻፍኩ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደካማ ነበርና ፋይሉ ዳግም አልከፈት አለ። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ለየዓመቱ አንድ ፋይል እጽፋለሁ፤ በጊዜያዊ ስም አስቀምጬ፣ መልሼ ከፍቼ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን ካየሁ በኋላ ነው ትክክለኛ ስሙን የምሰጠው።