ማይክሮቲክ ራውተር ከዋየርጋርድ ጋር፦ ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ

የቢሮውን ኔትወርክ ከውጭ ለመድረስ በትንሽ ማይክሮቲክ (የአምራቹ ስም ነው) ራውተር ላይ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ መንገድ የሚዘረጋ ሶፍትዌር፣ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ወድጄዋለሁ። ለምን እንደወደድኩት የሚገባችሁ ግን ከሱ በፊት ለዚሁ ሥራ የነበረውን ሳጥን ካነሳሁላችሁ ነው።

ያ ሳጥን የትልቅ አምራች ነበር፤ ስሙ ይቆየን። የተገዛው "የገበያው መሪ ነው" ተብሎ ነው። ላይሰንሱ (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) በአንዴ በሚገባ ሰው ቁጥር ነበርና አንድ ቅዳሜ ማታ ሰርቨር ቆሞብን ሁላችንም ከየቤታችን ለመግባት ስንሯሯጥ፣ ችግሩን መፍታት የሚችለው ልጅ መጨረሻ ላይ ደርሶ "ቦታ ሞልቷል" ብሎ መለሰው። አንዳችን ወጥተን ነው እሱን ያስገባነው። ብዙም ሳይቆይ የሞዴሉ ድጋፍ አበቃና አዲስ ግዙ ተባልን።

ከዚያ ወዲህ የገበያ ድርሻ የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን ነው የማየው። በዳይል አፕ ዘመን፣ ሰው በስልክ መስመር ደውሎ ኢንተርኔት በሚገባበት ጊዜ፣ አሴንድ የሚባል ኩባንያ ነበር። ጥሪውን የሚቀበሉት ማክስ የሚባሉት ሳጥኖቹ በብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሉሰንት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣ አክሲዮን ጠቀለለው። ሉሰንት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ፖርትማስተር የተባለ ተመሳሳይ ሳጥን የሚሠራውን ሊቪንግስተንንም ገዝቶ ነበር፤ ማለትም ትናንት ተፎካካሪ የነበሩ ሁለት ዕቃዎች አንድ ቤት ገቡ። የዚሁ ዓይነት ዕቃ ሠሪዎቹ ዩኤስ ሮቦቲክስና ሺቫም ተሸጡ፤ የመጀመሪያው በ1997 ወደ ስሪኮም፣ ሁለተኛው በ1999 ወደ ኢንቴል ሄዱ። ዛሬ እነዚያን ሳጥኖች የሚጠቀም ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን ተርፏል። ሊቪንግስተን ደዋዮችን ለመለየት የሠራው ራዲየስ የሚባል የመሣሪያዎች መግባቢያ ቋንቋ ለማንም ክፍት የሆነ ስታንዳርድ ሆነ፤ ዛሬም የብዙ መሥሪያ ቤት ዋይፋይ የሠራተኛውን ስምና የይለፍ ቃል የሚያጣራው በሱ ነው። ሳጥኑ ሞተ፣ ቋንቋው ቀረ። አሁን ዕቃ ስመርጥ የማየው ይህንን ነው፤ አምራቹ ነገ ቢሸጥ ወይም ሐሳቡን ቢቀይር ይዤው የምወጣው ነገር አለ ወይ? ትልልቆቹም ይቀይራሉ። የፋየርዎል አምራቹ ፎርቲኔት በሶፍትዌሩ በፎርቲኦኤስ 7.6.3 ላይ ኤስኤስኤል ቪፒኤን ተነል የሚባለውን የመግቢያ ዘዴ አንስቶ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ዘዴ፣ ወደ አይፒሴክ፣ እንዲዞሩ አድርጓል።

ዋየርጋርድ የማንም አምራች ንብረት አይደለም። ኮዱ ክፍት ነው፣ ወደ 4,000 መስመር ገደማ ብቻ ነው፣ ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ። ማይክሮቲክ በራውተሮቹ ሶፍትዌር፣ በራውተርኦኤስ 7፣ አስገብቶታል። ነገ ራውተሩን ብቀይር ያንኑ ቁልፍ (መለያ የሚሆነውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር) ሌላ ዕቃ ላይ አስገብቼ እቀጥላለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዊንቦክስ የሚባለውን የራውተሩን ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍታችሁ የዋየርጋርድ ኢንተርፌስ ትፈጥራላችሁ፣ ቁልፉን ራሱ ያወጣል፣ የእያንዳንዱን ሰው ቁልፍ ትጨምራላችሁ፣ ፋየርዎሉ ላይ አንድ ፖርት ትከፍታላችሁ፣ አለቀ። በሰው ቁጥር ላይሰንስ የለም። በጣም የወደድኩት ደግሞ ይሄ ነው፦ ሰርቨር ላይ እየሠራሁ ዋይፋዩን አጥፍቼ ወደ ሞባይል ዳታ ስዞር፣ ስክሪኑ ለአፍታ ቆም ይልና ካቆምኩበት ይቀጥላል። እንደገና ግባ የለ፣ ኮድ አስገባ የለ።

ድክመቶቹን ልንገራችሁ። በዩዲፒ (ዳታ በኢንተርኔት ከሚላክባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው) ብቻ ስለሚሄድ ዩዲፒ የተዘጋበት ሆቴል ወይም ቢሮ ውስጥ ዝም ነው። ምስጠራውን የሚሠራው የራውተሩ ዋና ፕሮሰሰር ነው፤ ብዙ ሰው የሚገባበት ቦታ ከሆነ ትንሿን ሞዴል አትግዙ። ሌላው ከበድ ይላል፦ ዋየርጋርድ የሚያውቀው ቁልፍን እንጂ ሰውን አይደለም። የይለፍ ቃልም ሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ ራሱ አይጠይቅም። ላፕቶፕ የሰረቀ ሰው ማሽኑን መክፈት ከቻለ ቀጥ ብሎ ይገባል ማለት ነው። መቶ ምናምን ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት የትልልቆቹን አምራቾች፣ የሲስኮን ወይም የፓሎ አልቶን፣ ዓይነት ቢመርጥ አልፈርድበትም።

እኛ ከሃያ ስለማንበልጥ የቁልፎቹን ዝርዝር ከነባለቤቶቹ ስም ይዤ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አንድ በአንድ አየዋለሁ። ሰው ሥራ ሲለቅ ግን ሰኞን አልጠብቅም፤ ላፕቶፑን ሲያስረክብ ቁልፉን እዚያው ፊቱ አጠፋዋለሁ።