ልጆች ሳይዙ ዲዝኒ ወርልድ ለሚሄዱ ባልና ሚስት፦ ለማታ ሠራተኞቹ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ይህ ምስጋና ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የማታ ሠራተኞች ነው። በተለይ ካሊፎርኒያ ግሪልና ጂኮ ለሚባሉት ሬስቶራንቶች አስተናጋጆች፣ ኤፕኮት ከሚባለው ፓርክ የኋላ በር ለሚመላለሱት ጀልባ ነጂዎች፣ ከእነሱም በፊት ሁሉን ነገር ወራት ቀድመው ለሚያደላድሉት የጉዞ ወኪሎች። ቦታው በ1971 ከተከፈተ ጀምሮ ስሙ ከልጅ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ትቶ የሚሄድ ባልና ሚስት ዘመድ መሀል መሳቂያ ይሆናል። ይሳቁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እዚያ ያለው ደስታ የአዋቂ ነው፤ ግን ዝም ብሎ አይገኝም።

ምሽቱን የሚያበላሹት ነገሮች ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ሬስቶራንቱ ሞልቷል፣ አውቶቡሱ ወዳሰባችሁት ሆቴል በቀጥታ አይሄድም፣ መብረቅ መጥቶ ጀልባው ቆሟል፣ ወይም እግራችሁ አብጦ ከራቱ ይልቅ አልጋው ናፍቋችኋል። (ሰዓቱን ስልካችሁ በሚያሳየው አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ በሀገር ቤት ሰዓት ብንጽፈው ራት የሚያመልጠው ሰው አይጠፋም።)

ከወኪሎቹ እንጀምር። ዲዝኒ ራሱ ዕውቅና የሰጣቸው የጉዞ ወኪሎች አሉ። ኮሚሽናቸውን የሚከፍለው ዲዝኒ ስለሆነ ሆቴሉንና የመግቢያ ትኬቱን በእነሱ በኩል ብትይዙ ዋጋው አይጨምርባችሁም። አንዳንዶቹ ለእቅድ ሥራው ለብቻው ስለሚያስከፍሉ መጀመሪያውኑ ጠይቁ። የምትደውሉትም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይሁን፤ ሁሉን ራሳችሁ ይዛችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ “እስቲ ራቱን አደላድሉልን” ማለት ሰውን በነጻ ሥራ ማለት ነው። ጥሩ ወኪል ስንት ሰዓት ከእንቅልፍ እንደምትነሱ፣ የምትሄዱበት ወቅት ጾም መሆን አለመሆኑን፣ ከሁለታችሁ ከፍታ የሚፈራ መኖሩን፣ የት የት በእግር መሄድ እንደምትችሉ ይጠይቃል። ይህን ሳይጠይቅ ዝርዝር የሚልክላችሁን ተዉት። “የመስኮት ጠረጴዛ ዋስትና እሰጣለሁ” የሚለውንም እንዲሁ፤ መጠየቅ ይቻላል፣ ዋስትና ግን የለም።

ራት የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። በዲዝኒ ሆቴል የሚያድር እንግዳ፣ ሆቴል ከሚገባበት ዕለት 60 ቀን ቀድሞ እስከ 10 ቀን ያለውን ቆይታውን በአንድ ቁጭታ መያዝ ይችላል፤ ውጭ የሚያድር ግን ቀን በቀን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ በዲዝኒ ሆቴል ካደራችሁ የሚፈለገውን ራት ወደ ቆይታችሁ መጨረሻ አድርጉት፤ ለእነዚያ ቀናት የሚሻማችሁ ሰው ጥቂት ነው። ልጅ አለመያዝ እዚህም ይረዳል፦ የሁለት ሰው ጠረጴዛ የአምስት ሰው ያህል አያስቸግርም። ካጣችሁም አላለቀም። ብዙዎቹ ሬስቶራንቶች ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚፈቅዱት ራቱ 2 ሰዓት እስኪቀረው ነው፤ ካለፈ ለአንድ ሰው 10 ዶላር ይቆርጣሉ። ሰው የሚሰርዘው ለዚህ ነው እዚያ ሰዓት ላይ። ለማታ 8፡00 ራት ከ5፡30 እስከ 6፡00 ስልካችሁ ላይ የዲዝኒን አፕ ደጋግማችሁ ክፈቱ።

አሁን ካሊፎርኒያ ግሪል። ኮንቴምፖራሪ በሚባለው ሆቴል 15ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ፓርክ የሚተኮሰው ርችት ፊት ለፊት ይታያል፣ ሙዚቃውም እዚያው ይሰማል። ራቱ በቁርጥ ዋጋ የሚቀርብ ባለ ሦስት ዙር ነው፤ ለአንድ አዋቂ ከ80 ዶላር በላይ እንደሚሆን አስባችሁ ሂዱ፤ መጠጥ፣ ታክስና ቲፕ ለብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ራቱን ልክ በርችቱ ሰዓት ይይዛል። ያኔ የሚሆነው፣ መጀመሪያ 2ኛ ፎቅ ላይ ስማችሁን ታስመዘግባላችሁ፣ ተጠርታችሁ በአሳንሰር ትወጣላችሁ፣ ገና ሜኑ ስታነቡ ርችቱ ይጀምራል። ጠረጴዛችሁ መስኮት አጠገብ ካልሆነ ደግሞ የምታዩት የሌላውን ሰው ጀርባ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ከርችቱ 75 ደቂቃ ገደማ ቀደም ብሎ ነው። አስተናጋጃችሁ ጠረጴዛው ላይ እንደደረሰ “ለርችቱ ውጭ መውጣት እንፈልጋለን” በሉት። እነዚህን ሠራተኞች የምናመሰግነው ለዚህ ነው፦ ዋናው ምግብ ርችቱ ሲጀመር ጠረጴዛ ላይ ደርሶ እንዳይቀዘቅዝ ከወጥ ቤት ጋር ሰዓቱን ያስተካክላሉ፣ ወደ ውጭው ሰገነት የሚያስወጣውን በር ያሳያሉ፣ ስትመለሱ ጣፋጩን ያመጣሉ። ርችቱ 18 ደቂቃ ያህል ነው። ሰገነቱ ላይ ነፋስ አለ፤ ውስጡም በኤሲ የቀዘቀዘ ነውና ትከሻ ላይ የሚጣል ነገር ያዙ፤ ነጠላ ከበቂ በላይ ነው።

የምሽቱ ቦታ ሞልቶ 5፡30 ላይ ብቻ ካገኛችሁ ያዙት። ቀድሞ የበላ እንግዳ የዚያኑ ዕለት ደረሰኝ ይዞ ለርችቱ ተመልሶ መውጣት የሚችልበት አሠራር አለ፤ ስትወጡ መቀበያው ላይ አረጋግጡ። መሀል ያለውን ጊዜ ማጂክ ኪንግደም ታሳልፉታላችሁ፤ ከሆቴሉ በእግር 10 ደቂቃ ነው። በመኪና ከመጣችሁ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የራት ቦታ መያዛችሁን ሊጠይቅ ስለሚችል ማረጋገጫውን ስልካችሁ ላይ ክፍት አድርጉት።

ከሁሉ የምንወደው ግን የአኒማል ኪንግደም ሎጅ ምሽት ነው፤ በ2001 የተከፈተ ሆቴል ነው። ቀጭኔና የሜዳ አህያ ከሆቴሉ ጀርባ ሣር ይግጣሉ፤ ለማየት የፓርክ ትኬት አያስፈልግም። ሎቢውና ማያ ሰገነቶቹ ላይ ከአፍሪካ ሀገራት የመጡ ሠራተኞችን ታገኛላችሁ፤ ስም ባጃቸው ላይ የመጡበት ቦታ ተጽፏል። ሰላም በሏቸው፤ የትኛው እንስሳ በየት በኩል እንደሚወጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ሁለት ሬስቶራንት ይምታታል። ጂኮ ጃምቦ ሃውስ በሚባለው ዋና ሕንጻ ውስጥ ነው፤ መብራቱ ዝቅ ያለ፣ በደቡብ አፍሪካ ወይን ዝርዝሩ የታወቀ፣ ለባልና ሚስት የተሠራ የሚመስል ቤት። እንስሳቱ ግን ከጂኮ መስኮት አይታዩም። እንስሳት እያዩ መብላት የፈለገ የሚሄደው ኪዳኒ ቪሌጅ በሚባለው ሌላው የሎጁ ሕንጻ ወዳለው ሳና ነው። ሳና የሚታወቀው በሕንድ ዓይነት ዳቦዎቹና አብረው በሚቀርቡት 9 ማጥቀሻዎች ነው፤ በእጅ እየተቆረሰ ስለሚበላ ጉርሻ መሰጣጠቱ ማንንም አያስገርምም። እኛ ብንጠየቅ ሁለቱን አጣምሩ እንላለን፦ ሳና ዳቦውን ብቻ እያጠቀሳችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልከቱ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ተራምዳችሁ ጂኮ ራት ብሉ። ሰዓቱን የሚወስነው ወቅቱ ነው። በታኅሣሥ ኦርላንዶ ላይ ፀሐይ 5፡30 ገደማ ስለምትጠልቅ 4፡00 ላይ መድረስ አለባችሁ፤ በሰኔ ግን እስከ 8፡20 ብርሃን ስላለ መቻኮል የለም። ጨለማ ውስጥ ቀጭኔ ፍለጋ መስኮት ላይ ፊቱን የሚለጥፍ ሰው ሁሉ ይህን ያልሰማ ነው።

የሎጁ ችግር ርቀቱ ነው። ከሆቴል ወደ ሆቴል ቀጥታ አውቶቡስ የለም፤ ፓርክ ወይም ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለው የገበያ ሠፈር ሄዶ መለወጥ ያስፈልጋል። አኒማል ኪንግደም ፓርክ ደግሞ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚዘጋ በመሆኑ ከራት በኋላ በዚያ በኩል ልመለስ ያለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ኡበር ወይም ሊፍት የሚባለውን ታክሲ በስልካችሁ ጥሩ። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የሚያተርፈው ጭቅጭቅ ነው።

ኤፕኮት ሌላ ዓይነት ምሽት ነው። የ11 ሀገራት አደባባዮች በሐይቁ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ዙሪያው 1.9 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ አዲስ ጫማ ሆቴል ይቅር። በዋናው በር ሳይሆን በኋላው በር ግቡ፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያስገባችኋል። ከቦርድዎክ፣ ከያክት ክለብና ከቢች ክለብ ሆቴሎች ጀልባው በነጻ ያደርሳል፣ በእግርም ቅርብ ነው። ከፈረንሳይ ወደ ሞሮኮ እለፉ፤ የግድግዳውን ሞዛይክ የሠሩት ንጉሥ ሐሰን 2ኛ ከሀገራቸው የላኳቸው ባለሙያዎች ናቸው፣ ሕዝቡ ርችት ሲጠብቅ እዚያ ውስጥ ጸጥ ያለ ነው። ሜክሲኮ ፒራሚድ ውስጥ ያለው ሳን አንሄል ኢን ቀትር ላይም ቢሆን ምሽት የሚመስል ሬስቶራንት ነው፤ የውሃ ዳር ጠረጴዛ የሚጠየቀው በር ላይ ስም ሲመዘገብ ነው፣ ከተቀመጡ በኋላ መጠየቅ አስተናጋጁን ማስጨነቅ ነው። ለርችቱ ቦታ ስትመርጡ ባንዲራዎቹን አይታችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ የሚመጣበት በኩል ቁሙ፤ አለበለዚያ ጭሱ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ሲያልቅ አትሩጡ። 20 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ሕዝቡ ሲቀል ወደ ጀልባው ውረዱ። ነጂዎቹ ዕቃ የያዘውን፣ እግሩ የደከመውን ረጋ ብለው ነው የሚያሳፍሩት፤ ምስጋናችን በትክክል ይገባቸዋል። በገመድ የሚሄደው ስካይላይነር ሰልፉ ቢረዝምም ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ ኤሲ የለውም፣ መብረቅ ሲመጣ ግን እሱም ጀልባውም ይቆማሉ።

ብር ለሌለበት ምሽት፦ ፖሊኔዥያን ሆቴል አሸዋው ላይ ቁጭ በሉ። የማጂክ ኪንግደም ርችት ከሐይቁ ማዶ ይታያል። ከ1971 ጀምሮ በውሃ ላይ የሚያልፍ በመብራት ያጌጠ ትርዒትም አለ። ሞኖሬል በሚባለው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ይደረሳል። አለቀ።

ስለ ቀኑ ትንሽ እንበል፣ ምሽቱ የሚሞተው ቀን ላይ ነውና። ከ1፡00 እስከ 4፡30 ሆቴል ገብታችሁ ተኙ ወይም ዋኙ፤ ከፓርክ በቀጥታ ራት የሚሄድ ሰው ላቡ ሳይደርቅ ነው ሜኑ የሚከፍተው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማታ ይቀላል። ትልቅ ራት በየምሽቱ አትደርድሩ፤ አንድ ማታ ራት፣ አንድ ማታ እንዲሁ መንሸራሸር ይበቃል። “ሲንግል ራይደር” የሚባለው ሰልፍ ፈጣን ቢሆንም ሁለታችሁን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ልጆቹ አዲስ አበባ ከሆኑ በማታ መደወል አይሆንም፤ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል። ጠዋት 8፡00 ላይ ደውሉ፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ስለሚቀድሙን እነሱ ከሰዓት በኋላ ላይ ናቸው። ደውሎ የጨረሰ ወላጅ ማታ ስልኩን ኪሱ ይተወዋል።

ጾመኞች አትጨነቁ። ሜኑ ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ነው። በቁርጥ ዋጋ በሚበላበት ቤት ግን ጾም መሆኑን ቦታ ስትይዙ አስጽፉ፣ ለአስተናጋጁም በቃል ድገሙለት፤ ሼፉ የሚለውጠው ነገር ካለ ጊዜ ያገኛል። ወይን ለማዘዝ ዕድሜያችሁ ፀጉራችሁ ላይ ቢታይም መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል፤ የአሜሪካ መታወቂያ የሌለው ፓስፖርቱን ይያዝ። የጋብቻ ዓመታችሁ ከሆነ ገስት ሪሌሽንስ የሚባለው ቢሮ በነጻ የሚሰጠውን የበዓል ባጅ ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ይሉኝታ ይዞን ብዙዎቻችን እንተወዋለን፤ ሠራተኞቹ ግን እሱን አይተው ነው እንኳን አደረሳችሁ የሚሉት።

ቲፕ ከ18 እስከ 20 ከመቶ ነው፤ ከመጻፋችሁ በፊት ሂሳቡ ላይ አስቀድሞ አለመጨመሩን እዩ። ከገንዘቡ ሌላ የሚጠቅማቸው ነገር አለ፦ በዲዝኒ አፕ ውስጥ ሠራተኛን በስሙ የሚያመሰግኑበት ክፍል አለ። ባጁ ላይ ያለውን ስምና የመጣበትን ቦታ፣ የሠራበትን ቤት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያደረገላችሁንም አንድ ነገር ለይታችሁ ጻፉ። “ጥሩ ነበር” ብቻ ከሆነ የትኛው ሰው እንደሆነ አይታወቅም። ምስጋናው ለሠራተኛውም ለአለቃውም እንዲደርስ ሆቴል እንደገባችሁ፣ ስሙ ሳይረሳችሁ ጻፉት።