ኤችኦ ወይስ ኤን? በሰሜን ሸዋ ቤት የሞዴል ባቡር መስመር ለመንደፍ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

የሞዴል ባቡር ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ሎኮሞቲቩ ላይ ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት የመስመሩ ንድፍ ነው እላለሁ፤ ስኬሉ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር የሚያንስበት መጠን፣ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ኩርባውም፣ ዳገቱም፣ የጣቢያው ርዝመትም በእርሱ ይወሰናሉና።

ከስኬሎቹ መካከል ኤችኦ 1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) ሆኖ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤን 1፡160 ሆኖ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም የሚወክሉት እንደ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ነው። የ1 ሜትር ስፋት የነበረውን የቀድሞውን የለገሃር ባቡር በ1፡87 መሥራት የሚሻ ግን 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን ኤችኦኤም ለይቶ መጠየቅ አለበት።

በኤችኦ የተለመደው ጠባብ ኩርባ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሬዲየስ አለው፤ ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች በእርሱ ላይ ስለማያምሩ ወደ 44 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። በኤን 25 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ስለሚበቃ አልጋና ቁም ሣጥን በያዘ ክፍል ውስጥም 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቺፕውድ ቦታ ያገኛል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ዳገት ላይ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያንን ገደል በባቡር መስመር ቢያስበው አይፈረድበትም፤ ለእኔ ከዚህ የተሻለ የንድፍ መነሻ የለም። ባቡሩ ሳይንሸራተት እንዲወጣ በ1 ሜትር ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ባይነሣ ይመረጣል። አንዱ መስመር በሌላው ላይ እንዲያልፍ ኤችኦ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚፈልግ መወጣጫው ብቻ 3.2 ሜትር ይፈጃል፤ ኤን ግን 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚበቃው በ2 ሜትር ይጨርሳል። ስለዚህ ተራራ፣ ዋሻና ድልድይ ለሚፈልግ ሰው ያለማመንታት ኤንን እመርጣለሁ። በየትኛውም ስኬል ቢሆን ዋሻው ከኋላው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፤ ባቡር ከሐዲድ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ፉርጎ መቀጠልና መፍታት የሚበዛበት ጣቢያ ለሚያምረው፣ በተለይም ከልጆቹ ጋር ለሚጫወት፣ ኤችኦ ይሻላል። ለእጅ ይመቻል፤ በበጋ አቧራም እንደ ኤን ቶሎ አይቆምም፤ የኤን ሎኮሞቲቭ ቀላል ስለሆነ ጥቂት ቆሻሻ ከኤሌክትሪኩ ጋር ያለውን ንክኪ ያቋርጥበታል። ዞሮ በመጣበት ሐዲድ የሚመለስ ቀለበት ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሐዲዶች በሚሄድበት አሠራር ሾርት ስለሚፈጥር የኤሌክትሪክ መለያያና የፖላሪቲ (የፖዘቲቭና ኔጌቲቭ) መቀየሪያ ይጠይቃል፤ መሐል ላይ ሦስተኛ የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለው፣ ማርክሊን የተባለው የጀርመን አምራች የሚሠራው ኤችኦ ግን ይህ ችግር የለበትም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ንድፉን በእውነተኛው ልክ ወረቀት ላይ ሥለው መሬት ላይ ያንጥፉት። የትራንስፎርመሩንም ጽሑፍ ያንብቡ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ስለሆነ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።