የእንጨት ሪንግ ይዤ 4 ወር ሆነኝ፣ ትከሻዬን ግን አትጠይቁት

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ ነው፣ ጅምናስቲክ የሚሰሩት ቲቪ ላይ የሚንጠለጠሉባቸው ሁለቱ ቀለበቶች ማለቴ ነው። ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውድድር ላይ ያለውም ይሄው ነው፣ 32ም አለ ግን እጁ ትንሽ የሆነ ሰው በደንብ አይጨብጠውም። ፕላስቲኩን እንዳትገዙ፣ እጅ ሲያልበው ያንሸራትታል፣ እንጨቱ ግን ላቡን ይጠጣዋል። የማልወደው የማሰሪያውን ዘለበት ነው፣ አንዴ ጥርሱ በደንብ ሳይነክስ ቀርቶ መሀል ላይ ሸርተት ብሎ በቂጤ ቁጭ አድርጎኛል፣ ከዛ ወዲህ ሁለቴ ሳልጎትት አልንጠለጠልም።

ጥቅሙ ላይ ልምጣ። ጂም ባር ላይ 15 ዲፕስ (በሁለት እጅ ተደግፎ ክንድን እያጠፉ እየዘረጉ ዝቅ ከፍ ማለት) የምሰራ ሰውዬ ሪንጉ ላይ ክንዴን ዘርግቼ ለመቆም ስሞክር ብቻ ተንቀጠቀጥኩ፣ 3 ዲፕስ እንኳን አልሞላሁም 😂 ባሩ ባለበት ነው፣ ሪንጉ ግን ይሸሻል፣ እሱን አንድ ቦታ ለማቆየት ትከሻ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ሁሉ ስራ ይገባሉ። ዝቅ አድርጋችሁ እግራችሁን መሬት ላይ ትታችሁ ወደ ኋላ ተጋድማችሁ መጎተትም ስለሚቻል ለጀማሪም ይሆናል፣ ግቢ ያለው ማንጎ ላይ ሰቅዬው እናቴ ራሷ ጎረቤት እንዳያያት በሩን ዘግታ ቀሚሷን ሰብስባ ትጎትታለች።

ጉዱ የመጣው እቃው በቂ አይደለም ብዬ አንድ ጂም (ስሙ ይቅር) ክላስ ስመዘገብ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት ኪፒንግ ፑልአፕ አሰሩን፣ ባር ላይ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዙ መውጣት ማለት ነው፣ ሰዓት ተይዞ ሙዚቃው እየጮኸ። እኔ ሳልወዛወዝ በጉልበቴ የምወጣው 4 ብቻ ነው፣ አሰልጣኙም ስንት ትችላለህ ብሎ አልጠየቀኝም። 20 አካባቢ ስደርስ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አለ፣ 6 ሳምንት ጋቢ መደረብ አቃተኝ። ፊዚዮቴራፒ የምትሰራልኝ ልጅ እንዳስረዳችኝ ስትወርዱ የሚመጣውን ጉልበት ጡንቻ ካልያዘው ጅማትና መገጣጠሚያው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጅማት ደሞ ከጡንቻ በጣም ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ጅምናስቲክ የሚሰሩት ከልጅነታቸው ጀምረው ዓመታት ፈጅተው የሚደርሱበትን እኛ በ34 ዓመታችን ከቢሮ ወንበር ተነስተን በሁለት ሳምንት!

በእጅ መቆምም እንደዛው ነው፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ በጥቂት ሰከንድ ጀምሩ፣ የእጅ አንጓችሁን ሳታሟሙቁ አትሞክሩት፣ ደም ግፊት ወይ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለበት ደሞ ሀኪሙን ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል።

አሁን በሳምንት ሁለቴ ቀስ ብዬ ሪንጉን ብቻ እሰራለሁ፣ ዲፕስ 8 ደርሻለሁ። ለእንጨቱ 5 ኮከብ፣ ለዘለበቱ 2። ክላሱ ጋ የቀረኝን የሁለት ወር ክፍያ መልሱልኝ ስላቸው በሱ ፋንታ ዙምባ ግባ አሉኝ።