ኮንሶ ገጠር ቤተሰብ የሚቆጥርላችሁ ሰው ካስፈለገ

በኮንሶ ዋና ከተማ በካራት ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሕዝብ ቁጥርና የመተዳደሪያ መጠይቃችንን ለሞሉልን ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ እንዲሁም ከግቢ ግቢ እየመሩ ላስገቡን አባት ምስጋናችን የላቀ ነው። ሦስቱም የመንደሩ ተወላጆች ናቸው፤ የሥራቸው ልዩነትም የመጣው ከዚያ ነው።

የመጨረሻው ሀገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ ለአንድ ቀበሌ ውሃ ወይም ዘር የሚያቅድ ሰው ብዙ ጊዜ በራሱ ለመቁጠር ይገደዳል። ቁጥሩ የሚበላሸውም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ገና ደጃፍ ላይ ነው።

«ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን አደረ?» የሚለውን የተለመደ ጥያቄ እንውሰድ። ኮንሶ ውስጥ ጎረምሶች የሚያድሩት ሞራ፣ ማለትም የመንደሩ የጋራ ቤት ውስጥ ነው። ጥያቄው እንዳለ ከተጠየቀ እነዚያ ሁሉ ልጆች ከዝርዝሩ ይወድቃሉ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ «ከአንድ ድስት የሚበላው ማን ማን ነው?» ብለው ቀየሩት፤ ሞራ የሚያድረውንም ለብቻ ጠየቁ።

የወጣውም ልጅ እንዲሁ ያሳስታል። የአባት ይዞታ በአብዛኛው ወደ በኩር ልጅ ስለሚያልፍ ታናናሾቹ ለቀን ሥራና ለንግድ ይወጣሉ፤ ወላጅ ግን «አለ» ብሎ ያስመዘግባል። ከወጣ 6 ወር ያለፈውን ከነዋሪ አውጥተው፣ የሚልከውን ገንዘብ ግን በገቢ ገጹ ላይ አኖሩት።

ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ሲያጋጥም «የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ትሄድ ነበር ወይስ ትታዘል?» ይሉታል።

መሬት ላይ «ስንት ሄክታር?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የአንድ አባወራ ማሳ በድንጋይ እርከን ተከፋፍሎ ቆላም ደጋም ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው መልስ የቤቱ አጠገብ ያለችው ብቻ ናት። በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ እየጠየቁ አንድ በአንድ ያወጡታል። ማሽላው መሃል ያለው ባቄላና ጥጥ፣ ዳር የቆመው የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ሳይቀር ይጻፋል። ሽፈራውን ማንም «ሰብል» ብሎ አይነግራችሁም፤ ለእነሱ የዕለት ጎመናቸው ነው።

ከብትም «ግጦሽ አለህ?» ተብሎ አይለካም፤ እርከኑን እንዳያፈርስ ግቢ ውስጥ ታስሮ አገዳና ሣር እየተሸከሙለት ይቀለባልና። በጠባቧ በር ጎንበስ ብሎ ገብቶ በዓይን ማየት ነው።

ሴቷን መረጃ ሰብሳቢ ለይተን የምናመሰግነው በጨቃ፣ ማለትም በአካባቢው ጠላ ጉዳይ ነው። ከጠመቃ የሚገኘው ገንዘብ ባል አጠገብ ተቀምጦ ሲጠየቅ «ትንሽ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እናቶቹን ወፍጮው ዘንድ አግኝታ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠምቁ፣ ስንት ማሽላ እንደሚገባና ስንቱ እንደሚሸጥ አወጣች።

ፈጣኖች አይደሉም፤ በቀን ከ7 እስከ 8 ቤት ነው። 15 ካላችኋቸው የመተዳደሪያው ገጽ ባዶ ይመጣል። በገበያ ቀንና በእርሻ ወቅት ቀን ቀን ቤት ሰው ስለማይገኝ፣ የማታ ሰዓትም ክፈሉላቸው። መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ለአንድ ቀን ስጧቸውና ጥያቄዎቹን በኮንሶኛ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ፤ የትኛው እንደማይሠራ ያኔ ይነግሯችኋል።