መኪናችሁ ድምፅ እያወጣች ከጋራዥ ጋራዥ ለምትንከራተቱ

ሳሪስ አካባቢ የሚሠራ አንድ መካኒክ አለ። እግዚአብሔር ይስጠው። የሠራበትን ከፍዬዋለሁ፣ ግን ከፍሎ ዝም ማለት አላስቻለኝም። እንደኔ የተንገላታ ሰው ካለ ያንብበው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላ ስትሄድ ምንም የላትም። ቀለበት መንገድ ገብታ ፍጥነት ስትጨምር ግን «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ትጀምራለች። በነዳኋት ቁጥር እየባሰባት ሄደ። እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰው በዚህችው መኪና ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት እግሯን ዘርግታ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ድምፁ ሲነሳ ታማትባለች፣ እስክንደርስም «ልጄ፣ ቀስ በይ» ከአፏ አይጠፋም። እኔም እሷን ይዤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን እያልኩ መሪውን ጨብጬ ነበር የምነዳው።

የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም፣ ግን አቃጥለውኛል። አንዱ ገና ሳያያት «የፍሬን ሸራ ነው» ብሎ ቀየረ። ድምፁ እንዳለ ነው። ተመልሼ ስነግረው «እንግዲያ ሌላ ችግር አለባት» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሌላው የፊት አሞርዛተር አስገዛኝ። አሁንም ያው ነው። ከዚያ ደግሞ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ያለኝ አለ፣ ያውም መኪናዋን አንዴ እንኳን ሳይነዳት! ለምን እንደሆነ አስረዳኝ ብለው «ይሄ ላንቺ አይገባሽም፣ ወንድምሽን ላኪው» አለኝ። ብሩ ይቅር፣ ይቺ ንግግር እስከዛሬ ታንገበግበኛለች። የኔ መኪና፣ የኔ ገንዘብ፣ የኔ እናት የምትሳፈርባት!

ሳሪስ ያለውን ልጅ የጠቆመኝ ጎረቤታችን ነው። ታክሲ ስለሚነዳ መካኒክ ያውቃል። ከእናቴ ጋር ከሐኪም ቤት ስንመለስ ጎራ አልን።

ልጁ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ ነው ያዘነበብኝ። መቼ ይጀምራል? ፍሬን ስትይዢ ይለወጣል? ስትዞሪስ? ከዚያ «እንንዳት» አለ። እናቴ ልውረድ ስትል «አይ እማማ፣ ይቀመጡ፣ አይቸገሩ» አላት። ሬዲዮውን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ ወጣን። ድምፁ ሲመጣ ማርሹን ዜሮ አደረገው። ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «ከሞተር አይደለም፣ ከጎማ በኩል ነው» አለኝ።

ቀጥሎ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። በመስታወት እናቴን እያየ «እማማ፣ እርስዎ ከየት በኩል ነው የሚሰማዎት?» አላት። እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከስሬ ነው ልጄ፣ በዚህ በቀኝ። ወንበሩም ያርገበግበኛል።» ያን ሁሉ ጊዜ የፊቱን ሲፈቱና ሲያስሩ እሷን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም የኔ ነገር ምን ያደርግላቸዋል ብላ ዝም ብላለች። አደባባይ ላይ ወደ ግራ ስንዞር ድምፁ ጨመረ። ያኔ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ነው አለኝ። ተመልሰን በክሪክ አነሳት፣ የኋላውን ቀኝ ጎማ በእጁ አሽከረከረ፣ እኔንም «እጅሽን እዚህ አድርጊ» አለኝ። ያንገራግጫል። ግራውን ሲያሽከረክረው ጸጥ ያለ ነው።

ኩሽኔታ! ጎማው ሳይንገራገጭ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ክብ ብረት ማለት ነው። የኋላ ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ብቻ ነው። ሌላውን ዝርዝር ነግሮኝ ነበር፣ እኔ እሱን ለማስረዳት አልችልም። ብቻ ይሄ ነገር ዝም ከተባለ እየላላ ሄዶ ጎማውን እስከማስወለቅ እንደሚደርስ አስጠንቅቆኛል። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላችሁ እባካችሁ አታቆዩት።

ዕቃውን እሱ ገዝቶ ትርፍ ሊጨምርበት ይችል ነበር። አሮጌውን ፈትቶ ሰጠኝና «ሶማሌ ተራ ይዘሽው ሂጂ፣ አስተያይተሽ ግዢ» አለኝ። እስክመለስ እናቴን ጥላ ስር አስቀምጦ ሻይ አስመጥቶላታል። ለምርመራው አላስከፈለኝም፣ የተቀበለኝ የእጁን ብቻ ነው። እናቴ ምርቃቷን አዘነበችለት፣ ወደ ቤት ስንመለስም መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ በኔ መኪና ስትተኛ አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ደወለ። «ድምፁ ጠፋ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ነው?» አለኝ። የትኛው ጋራዥ ነው እንዲህ ብሎ የደወለላችሁ?

እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ሴቶች በተለይ፣ ያለ ወንድም ያለ ባል ሂዱ፣ አክብሮ ያስረዳችኋል። ስልኩን አደባባይ ላይ ማውጣት ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ በአዘቦት ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ስትሄዱም ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።