መካከለኛ ሞተር በፈረንሳይ የወንዝ ሸለቆዎች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ባለፈው ሚያዝያ የገዛሁት ሞተር ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ 500 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ነዳጁ ሞልቶ ክብደቱ 200 ኪሎ የሚጠጋ የረጅም መንገድ ሞተር ብስክሌት ነው። በአውሮፓ ኤ2 ለሚባለው መንጃ ፈቃድ የተፈቀደው የኃይል ጣሪያ 35 ኪሎዋት፣ ማለትም 47 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን፣ ይህ ሞተር ልክ እዚያ ጣሪያ ላይ ይቆማል። የምኖረው ቱሉዝ በመሆኑ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ በብዛት የነዳሁት ከከተማዋ በስተ ሰሜን በሚገኙት የሎትና የሴሌ ወንዞች ሸለቆዎች ውስጥ ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም። በዚህ ክፍል የሚሸጡት ሞተሮች በመጠንም በጠባይም የሚቀራረቡ ስለሆኑ፣ ለገዢ የሚጠቅመው ክፍሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። መልሴ ከመብቃትም አልፎ ከትላልቆቹ ይመረጣል የሚል ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ ነው።

ሎት ከሎዜር ተራሮች ተነሥቶ 480 ኪሎሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከጋሮን የሚቀላቀል ወንዝ ሲሆን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ ጥቂት ነው። የካኦር ከተማ እንኳ የተቀመጠችው ወንዙ በሦስት ወገን በከበበው መሬት ላይ ነው። ከካኦር በስተ ምሥራቅ ካለችው የቬር መንደር ተነሥቶ እስከ ፊዣክ የሚዘልቀው ዲ662 መንገድ ይህንኑ ጥምዝምዝ ይከተላል፤ በአንድ በኩል ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ በሌላ በኩል ውሃው አለ። ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንዲህ ዓይነቶቹ የገጠር መንገዶች ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሆኗል፤ ቆየት ብሎ አንዳንድ አውራጃዎች በተወሰኑ መንገዶቻቸው ላይ 90ን ስለመለሱ፣ ምልክቱን ማየት ያስፈልጋል። በተግባር ግን ከኩርባ ወደ ኩርባ ሲታለፍ ፍጥነቱ ከ60 እስከ 70 ነው። እዚህ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣበት ሜዳ የለውም፤ የእኔው ግን በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ወዲያው እየታዘዘ ይሄዳል።

ሞተሩን በይበልጥ የወደድኩት ቁልቁለት ላይ ነው። ሴሌ ከሎት ጋር ከሚገናኝበት ከኮንዱሼ ተነሥቶ ሸለቆውን ሽቅብ የሚከተለው ዲ41 ከዲ662 የጠበበ ነው፤ ገደሉ በላዩ ላይ እስኪያጠላ ድረስ የሚጠጋበት ቦታም አለ። ከሁለቱም ሸለቆዎች በላይ ደረቅና ድንጋያማ አምባ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወደ ወንዙ የሚወርዱት ጠባብ መንገዶች የሚጠይቁት ሌላ ጥበብ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ አሽከርካሪ በከባድ ማርሽ እየያዙ መውረድ ፍሬንን ከመጋል እንዴት እንደሚያድን ያውቃል። እዚህ ቁልቁለቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ዘዴው አንድ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ይህ ሞተር ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ያለ መንገጫገጭ ስለሚይዝ፣ የፊት ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ለስለስ አድርጎ መንካት ብቻ ይበቃል።

ከካብረሬ መንደር በላይ የሚገኘው የፔሽ-ሜርል ዋሻ መዳረሻው እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ዋሻው በ1922 የተገኘ ሲሆን፣ ነጠብጣብ ያለባቸው የሁለት ፈረሶች ሥዕል ዕድሜ ወደ 29,000 ዓመት ይገመታል። በሥዕሎቹ የታወቀው ሌላው የፈረንሳይ ዋሻ ላስኮ በ1963 ለሕዝብ ከተዘጋ ወዲህ ጎብኚ እዚያ የሚያየው ቅጂውን ሲሆን፣ እዚህ ግን የሚታየው ዋናው ሥዕል ነው። በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ በበጋ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ይላል፤ ውስጡም ስለሚቀዘቅዝ የሞተር ጃኬቱን አውልቆ መግባት አይመከርም።

ክብደቱ የሚታወቀው ሲነዱት ሳይሆን ሲያቆሙት ነው። ከሎት ወንዝ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ሳን-ሲር-ላፖፒ በ2012 ፈረንሳውያን በድምፅ የሚወዱት መንደር ብለው የመረጡት ነው፤ ለሚታየው ውበት ምርጫው ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም። ነገር ግን የመኪናና የሞተር ማቆሚያ ቦታዎቹ ከመንደሩ ውጭ በተዳፋት ላይ የተበጁ ናቸው፤ የሙሉ ጓዝ ክብደት የተጫነበትን ሞተር በእጅ ገፍቶ ማዞር በ250 ኪሎ ሞተርና በ200 ኪሎ ሞተር መካከል ያለውን ልዩነት ወገብ ላይ ያሳያል። እንዲህ ባለ ቦታ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሬ፣ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ትቼ አቆመዋለሁ። የጎን ማቆሚያው ጫፍ ግን ከሚገባው በላይ ጠባብ ነው፤ በማርሲያክ መንደር ከሴሌ ወንዝ ዳር ለስላሳ መሬት ላይ እንዳቆምኩት ማቆሚያው ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ስላየሁ፣ ከዚያ ወዲህ የእጅ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት በኪሴ እይዛለሁ። ለዚህ ክፍል ማቆሚያ የሚሆን ሰፊ ጫማ በመለዋወጫ ሱቆች በጥቂት ዩሮ ይገኛል፤ ከፋብሪካው አብሮ መምጣት ነበረበት።

በእነዚህ ሸለቆዎች ትልቁ አደጋ ገደሉ አይደለም፤ ጠጠሩ ነው። በበጋ የመንገድ ሠራተኞች አሮጌውን አስፋልት በሬንጅ ቀብተው ደቃቅ ጠጠር ይበትኑበታል፤ ጠጠሩ በመኪና ጎማ ተጨፍልቆ እስኪጣበቅ ድረስ ለቀናት ልል ሆኖ ይቆያል። «ግራቪዮን» የሚል ምልክት ከታየ ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ቀንሶ፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን ሳይነኩና ሞተሩን ብዙ ሳያጋድሉ ማለፍ ነው። ባለ 19 ኢንቹ የፊት ጎማ እዚህ ላይ ከትንንሾቹ ይልቅ የተረጋጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ከ2017 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች በአውሮፓ ግዴታ ቢሆንም፣ ልል ጠጠር ላይ የሚያድነው ከሁሉ በፊት የቀነሰ ፍጥነት ነው። ሌላው ጥንቃቄ መንደር ውስጥ ነው፤ የቅድሚያ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ሁሉ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል፤ ያ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግንብ ጀርባ ብቅ የሚል ትራክተር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። ኮርቻው ለከተማ የተሠራ ይመስላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቆረቁራል፣ ለዚህም ወንዙ ዳር በየመንደሩ መቆም ብቻ ነው መድኃኒቱ። የንፋስ መከላከያው መስታወት ደረትን ቢያሳርፍም ንፋሱን ወደ ሄልሜቱ አናት ስለሚልከው፣ በአውራ ጎዳና ላይ ጩኸቱ ያደክማል፤ በሸለቆው ፍጥነት ግን አይሰማም። ከሁሉ የከፋብኝ ለብቻው የገዛሁት የጨርቅ የጎን ቦርሳ ነው። ውሃ አያስገባም ተብሎ ቢሸጥም፣ ከካብረሬ ወደ ላይ ስሄድ የጣለው ዝናብ ቆሞ ቦርሳውን ስከፍተው፣ የላይኛው ልብስ ደረቅ ሆኖ ከታች ያለው ካርታ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ዚፑ አልነበረም ችግሩ፤ ወለሉ ላይ ያለው ስፌት ያለ መሸፈኛ ቴፕ የተሰፋ በመሆኑ፣ ከኋላ ጎማ የሚረጨው ውሃ በመርፌው ቀዳዳዎች እየገባ ነው የተጠራቀመው። ገዢ ቦርሳውን ገልብጦ የታችኛውን ስፌት ከውስጥ በጣቱ ይዳስስ። አሁን ልብሴን አፉ እየተጠቀለለ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ ነው ቦርሳው ውስጥ የማስገባው፤ ችግሩም አልተመለሰም።

ወጪው ቀላል ነው። በሸለቆው አነዳድ በ100 ኪሎሜትር 4 ሊትር ያህል ቤንዚን ይበላል፤ 17 ሊትር የሚይዘው ታንከር ከ400 ኪሎሜትር የማያንስ ስለሚያስኬድ፣ በካኦር ወይም በፊዣክ ከሞሉ በመካከሉ ማደያ መፈለግ የለም። ካቴናውን በየ500 ኪሎሜትሩ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ወዲያው ማጽዳትና መቀባት ያስፈልጋል። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በፈረንሳይ ሞተሮችም የቴክኒክ ምርመራ ስለሚደረግባቸው፣ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ወረቀቱን ይጠይቅ። የደህንነት ምልክት ያለው ጓንት ከኅዳር 2016 ወዲህ ለነጂም ለተሳፋሪም ግዴታ ነው።

ፊዣክ ላይ ስለ ሞተሩ መርሳት ይቻላል። የግብፅን ሄሮግሊፍ በ1822 የፈታው ሻምፖሊዮን በ1790 የተወለደው እዚህ ሲሆን፣ ከቤቱ አጠገብ ባለው አደባባይ ወለል ላይ ለፍቺው ቁልፍ የሆነው የሮዜታ ድንጋይ በጥቁር ግራናይት በትልቁ ተቀርጾ ተዘርግቷል፤ በስሙ የተጠራው ሙዚየምም ለዓለም ጽሕፈቶች የተሰጠ ነው። በራሱ ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ ልጅ እዚያ ግማሽ ቀን ቢያሳልፍ አይቆጨውም። ሞተሩን ከአሮጌው ከተማ ውጭ ማቆም ይሻላል፤ የመንገዶቹ ድንጋይ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ከተሳፋሪ ጋር ግን ፍርዴ ይለወጣል። ከባለቤቴ ጋር ከነሙሉ ጓዛችን የሎትን የላይኛውን ክፍል፣ ትሩዬር ከሎት ከሚገናኝበት ከአንትሬግ ወደ ኤስታን የሚወስደውን የጠባብ ገደል መንገድ ስንወጣ፣ የኋላው ስፕሪንግ እስከ መጨረሻው ጠብቆ እንኳ ጎድጓዳ ላይ ይመታ ነበር፤ ትራክተር ለመቅደምም ማርሽ ሁለቴ ማውረድ ጠየቀ። በሚቀጥለው ጉዟችን ጓዙን ፊዣክ ባረፍንበት ቤት ትተን፣ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዘን ኮንክ መንደር ድረስ ደርሰን ተመለስን፤ ሞተሩም እንደ ብቸኛ ጉዞው ተገርቶ ሄደ። ለሁለት ሰው ከነጓዙ በየቀኑ አዳር እየቀየረ ለሚጓዝ ይህን ክፍል አልመርጥለትም። አንድ ማረፊያ ይዞ በየቀኑ ከዚያ ለሚነሣ ግን፣ ሁለት ሆኖም ቢሆን፣ የጎደለው ነገር የለም።